የሲሚንቶው ብረት ለምን ይዞራል? በቤት የተሠሩ የስፖርት ዕቃዎች ችግርና መፍትሄ

እኛ ቤት የመጀመሪያው ዳምቤል የተሠራው ከሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ከቁራሌው በተገዛ የውሃ ቧንቧና ሰፈር ውስጥ ቤት ከሚያሠሩ ሰዎች በልመና ከተገኘ ሲሚንቶ ነው። የሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሲያዩት ያምራል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከፍ ሲያደርገው አንዱ ጣሳ ከነሲሚንቶው ተንሸራቶ ወጣ። ከአውራ ጣቱ ትንሽ ራቅ ብሎ አረፈና ሴራሚኩን ሰነጠቀው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ያሉት እትዬ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። «ልጆቼ፣ በዚህ ጠዋት በርበሬ ነው የምትወቅጡት?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርተናል፣ ብዙም ሰብረናል። የገባኝ ነገር ቢኖር እቤት የተሠራ የስፖርት ዕቃ ሁሌ የሚበላሸው መጋጠሚያው ላይ መሆኑ ነው። ብረቱ ሲሚንቶ ውስጥ የሚገባበት፣ ጎማው የሚቋጠርበት፣ እጅ ጀሪካኑን የሚይዝበት ቦታ። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ብረቱ ሲሚንቶው ውስጥ ይዞራል

ምልክቱን ለማወቅ ጣሳውን በአንድ እጅ ያዙና ቧንቧውን በሌላው አዙሩት። ከተንቀሳቀሰ፣ ክርክር የሚል ድምፅ ካሰማና ግራጫ ዱቄት ጠብ ካለ አበቃ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አታንሱት።

ምክንያቱ ቧንቧው ልሙጥ መሆኑ ነው።  ሲሚንቶው ብረቱ ላይ የሚይዘው ነገር ካላገኘ ብረቱ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ይወዛወዛል። ቧንቧው ላይ ዘይት ወይም አሮጌ ቀለም ካለ ይብሳል።

መፍትሄው ማፍረስ ነው። በማጣበቂያ አድናለሁ ብላችሁ አትድከሙ፤ እኛ ሞክረን ሁለት ቀን ነው የያዘልን። ሲሚንቶውን በመዶሻ ሰብራችሁ ቧንቧውን አውጡ። በአሸዋ ወረቀት ፈትጉት። ከሁለቱም ጫፍ ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ከዚህ እስከዚያ የሚያልፍ ቀዳዳ አስበሱ። ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ወዲያው ይበሳዋል። በቀዳዳው ረጅም ሚስማር አሳልፉና ጫፎቹን አጥፏቸው። ሁለት ሚስማር ተመሳቅሎ ቢገባ ይበልጥ ጥሩ ነው። ብየዳ ቤት ከሄዳችሁ አይቀር አጭር የፌሮ ቁራጭ በአግድም አስበይዱበት፤ ያ በጭራሽ አይወጣም።

ቧንቧው ሦስት ሩብ ኢንች ይሁን። የውጭ ውፍረቱ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአብዛኛው ሰው እጅ ይመቻል። የአንድ ኢንቹ ከ33 ሚሊ ሜትር ያልፋል። እናቴ እሱን ስትይዝ ክንዷ ሳይደክም ጣቷ ደከመ። ባዶ ፌሮ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ መዳፍ ይቆርጣል። ዝገት ያለበትን ብረት ሳትጠርጉና ሳትጠቀልሉ አትያዙ፤ በዛገ ብረት የተቆረጠ ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ያስብ።

ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ ይረግፋል

ጠርዙን በጣት ስታሹት አሸዋ ከወጣ ውሃው በዝቷል፣ ወይም አሸዋው አፈር ነበረበት። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁታል። ሲሚንቶ በርበሬ አይደለም። የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው። ውሃው ቀድሞ ከተነነ ጥንካሬውም እዚያው ላይ ይቆማል።

ልኩ ይሄ ነው፦ አንድ ጣሳ ሲሚንቶ፣ ሁለት ጣሳ የታጠበ አሸዋ፣ ሁለት ጣሳ ደቃቅ ጠጠር። ውሃው የሲሚንቶውን ክብደት ግማሽ ያህል ብቻ። ሾርባ ሳይሆን ጠንከር ያለ ገንፎ ይምሰል። ጣሳው ውስጥ ስትጨምሩት በእንጨት ወጋ ወጋ፣ ጣሳውን ከውጭ መታ መታ አድርጉ፤ አየሩ ይወጣል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንት ከሌለ እጃችሁን ፌስታል አልብሱት።

አንዱን ጎን ካፈሰሳችሁ በኋላ ሁለት ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ሌላውን ሥሩ። ሲያልቅ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሰባት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ ጨርቁ ሲደርቅ እንደገና አርጥቡት። መሐንዲሶች የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለኩት በ28ኛው ቀን ነው። የእኛው በሦስተኛው ቀን ነበር ያነሳው።

በጣም ከበደ፣ ወይም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል

ሰው ጣሳ ሲመርጥ በዓይኑ ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ኮንክሪት ሲሞላ 2.3 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ሁለት ሊትር የሚይዙ ሁለት ጣሳዎች ብቻቸውን ከ9 ኪሎ ያልፋሉ። ለጀማሪ ይሄ ብዙ ነው። አንድ ሊትር በአንድ ሊትር ብታደርጉት ከነቧንቧው ወደ 5 ኪሎ ይመጣል። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ወደ 3። ለቤተሰብ ሁለተኛው ይበቃል።

ማጋደሉን ለማወቅ የቧንቧውን መሐል ክብ እንጨት ላይ አስቀምጡት። ወደ ታች ያለው ጎን ይከብዳል። ከከባዱ አትፈልፍሉ፣ ይሰነጠቃል። ቀላሉ ላይ የጎማ ቁራጭ እየጠመጠማችሁ አስተካክሉት። ለነገሩ ሁለቱንም ጎን ብትጠቀልሉ ሴራሚክም ይተርፋል፣ ከታች ያሉት ጎረቤትም በሰላም ይተኛሉ።

ስታነሱ ትንፋሽ አትያዙ። ትንፋሽ ይዞ ከባድ ነገር መግፋት የደም ግፊትን በአንዴ ያሻቅባል። ግፊት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የጎማው ላስቲክ ይበጠሳል

ከሁሉም የምወደው ዕቃ ይሄ ነው። የጎማ ከመነዳሪ ተቆርጦ የሚሠራ የመሳቢያ ላስቲክ። ጎሚስታ ዘንድ የተቀደደ ሞልቷል። አሁን ብዙ የቤት መኪናዎች ጎማ ከመነዳሪ የለውም፤ ስለዚህ የጭነት መኪና፣ የባጃጅ፣ የሞተር ወይም የብስክሌት ጠይቁ።

ሲበጠስ ግን ክፉ ነው። ሲሳብ የነበረው ሁሉ ወደ ፊት ተመልሶ ይመጣል። ወንድሜ አንድ ቀን ጉንጩ ላይ ቀይ መስመር ይዞ ሥራ ገብቷል። ቢሮ ሲጠይቁት ድመት ቧጨረኝ አለ።

የተበጠሰውን አንስታችሁ ጠርዙን እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ቅዳዱ የጀመረው መቀሱ ቆም ብሎ እንደገና ከቀጠለበት ትንሽ ጥርስ ላይ ነው። ላስቲክ ራሱ አይደክምም ማለት አይደለም፤ ግን ጠርዙ ላይ ያለች ጭረት ትቀድመዋለች። ስለዚህ ትልቅ መቀስ ወይም ምላጭ ይዛችሁ ሳታቋርጡ ቁረጡ። ለአዋቂ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ለቀላል እንቅስቃሴ 2። የተለጠፈበትንና አየር የሚሞላበትን ቦታ ቆርጣችሁ ጣሉ። ወደ ጎን ከቆረጣችሁት ቀለበት ይወጣችኋል፤ ቀለበት ደግሞ ቋጠሮ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ነው። በረንዳ ላይ የተሰቀለ ላስቲክ ከጊዜ በኋላ ሲለጠጥ እንደ ደረቀ ከንፈር ይሰነጣጠቃል። በየሳምንቱ ወደ መስኮት አስጠግታችሁ ለጠጥ አድርጋችሁ እዩት። ስንጥቅ ካለ አትመኑት። ሦስተኛው ስስት ነው፤ ከርዝመቱ እጥፍ በላይ አትሳቡ። ወደ ፊታችሁ አቅጣጫም አትሳቡ።

ቋጠሮው ይፈታል? ጎማ ሲለጠጥ ስለሚቀጥን ተራ ቋጠሮ ይንሸራተታል። ሞተርና ብስክሌት ላይ ዕቃ የሚጭኑትን ልጆች አስተውሏቸው። አይቋጥሩም። ጎማውን እየለጠጡ ደጋግመው ይጠመጥሙና ጫፉን ከራሱ ሥር ይወሽቁታል። እናንተም ጫፉን አጥፋችሁ በቀጭን የጎማ ቁራጭ እንደዚያ ጠምጥሙት። ከበር እጀታ ጋር አትሰሩት፤ ከበሩ ሌላ ጎን ሰው ሲከፍት ምን እንደሚሆን እኔ ቀምሼዋለሁ።

እጅ የሚያጠቁር ከሆነ በላርጎ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ሽታው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ይለመዳል።

ጀሪካኑ ይወዛወዛል፣ እጅ ይቆርጣል

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ባለ 20 ሊትሩ ግን ሲጎድል ውሃው ወዲያ ወዲህ እየተላጋ ወገብ ይጎትታል። ክብደት ለመቀነስ ጀሪካን አታጉድሉ፣ ጀሪካኑን ቀይሩ። ባለ 3 እና ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን እስከ አፉ ሞልታችሁ ተጠቀሙ። መያዣውን አሮጌ ካልሲ አልብሱት። ክዳኑ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ከከመነዳሪው የተረፈ ክብ ቁራጭ ውስጡ አድርጉ። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ጀሪካን፣ ታጥቧል ብትባሉም፣ ቤት አታስገቡ።

ውሃው የሚጠፋበት ችግርም አለ። ውሃ በጠፋ ሳምንት የእኛ ቤት ዳምቤል ቡና ተፈልቶበታል። አሸዋ ብትሞሉት ይሄ አይደርስባችሁም። ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በደረቅ አሸዋ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል።

የአሸዋው ማዳበሪያ ያፈሳል፣ የቡጢው ከረጢት እጅ ያማል

ማዳበሪያ ሽመናው ክፍት ነው፤ ደቃቅ አሸዋ ሁሌ ያልፋል። አሸዋውን መጀመሪያ በወፍራም ፌስታል ከፋፍላችሁ እሰሩ፣ እንደ ትንንሽ ጡብ። ከዚያ ማዳበሪያው ውስጥ ደርድሩ። አንዱ ቢቀደድም ሌላው ይተርፋል፣ ክብደቱንም በፈለጋችሁት ልክ ማውጣትና መጨመር ትችላላችሁ።

ለቡጢ ከሆነ አሸዋ ብቻ አይሆንም። ወደ ታች ይወርድና ድንጋይ ይሆናል፣ የእጅ አንጓ ይጎዳል። በአሮጌ ልብስ ሙሉት፣ ቁልፍና ዚፕ ግን አስቀድማችሁ ንቀሉ። ክብደት ካነሰው አንድ ሁለት የአሸዋ ፌስታል ከመሐሉ ይግባ፣ ዙሪያውን ጨርቅ ይክበበው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ማገር ላይ አትስቀሉት፤ ሲወዛወዝ ሚስማሩን ይነቅላል።

የመዝለያው ገመድ እግር ላይ ይጠመጠማል

ሲባጎ ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ይሰንፋል። ያረጀ የኤሌክትሪክ ገመድ ይሻላል። ርዝመቱ መሐሉን ስትረግጡት ጫፎቹ ብብት ጋ ይድረሱ። ተጠቅልሎ የኖረ ገመድ ካልተዘረጋላችሁ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ጀሪካን አስራችሁ ስቀሉት። እዚህ ላይ ፀሐይ ይጠቅማል።

ሳጥን ላይ መውጣት ጉልበት ያማል

የለስላሳ ወይም የቢራ ሳጥን ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለጀማሪና ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይሄ ከፍታ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ይበቃው ነበር። ዳር ሲረገጥም ይገለበጣል። ጣውላ መትታችሁ ማስተካከል ይቻላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሳጥኑን መልሱና በፎቁ ደረጃ ውጡ ውረዱ። በነፃ ነው፣ አይገለበጥም።

ዕቃው አለ፣ የሚሠራበት የለም

ይሄ ብልሽት ከሁሉም ይበዛል። ምልክቱ አቧራ ነው።

እኛ ቤት ለአራት ወር ዕቃው ሁሉ አልጋ ሥር ነበር። ምክንያቱን ያወቅነው እናቴ ስትናገር ነው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዘነዘና ስወቅጥ፣ ጀሪካን ስሸከም ኖሬ ደግሞ ልጎንበስና ከአልጋ ሥር ብረት ላውጣ?» እውነቷን ነው። ዕቃውን የሠራነው ለወንድሜ ጡንቻ እንጂ ለእሷ ትከሻ አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ለልጆች በቀን 60 ደቂቃ ነው። ቁጥሩ ሲሰማ ይበዛል። ላስቲኩ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሚስማር ላይ ሲሰቀል ግን እናቴ ተከታታይ ድራማዋ ማስታወቂያ በገባ ቁጥር ትስበው ጀመር። ቀጭኑን፣ የብስክሌቱን። ገመዱ የጫማ መደርደሪያው ላይ ሲውል ልጆቹ ራሳቸው ይዘውት ወደ ግቢ ይወርዳሉ። ከባዱ ብረት ብቻ ልጆች በማይደርሱበት፣ ግድግዳ ጥግ መሬት ላይ ተኝቶ ይቀመጥ። መደርደሪያ ላይ አይሁን።

የመጀመሪያው ዳምቤል አንዱ ጣሳ አሁንም አለ። የበረንዳው በር በነፋስ እንዳይዘጋ ይይዛል።