ከሐይቅ ሥር ያለችውን መንደር ከሰነድ ማውጣት፦ የላንውዲን ታሪክ አጠናን

ላንውዲን በመካከለኛው ዌልስ በፓውዊስ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። አሮጌዋ መንደር ዛሬ የለችም። የሊቨርፑል ከተማ የመጠጥ ውሃ ፈልጎ ሸለቆውን ሲገድብ ቤቶቹና ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሰው ቦታው የቨርንዊ ሐይቅ ሆነ፤ ነዋሪውም ከግድቡ በታች ወደ ተሠራው አዲስ መንደር ተዛወረ። ሌላ የዌልስ መንደር የሚያጠና ሰውም ከታች ያለውን መንገድ መከተል ይችላል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ የመንደሩን የለውጥ ቀን ይወቁ፤ ከዚያ ለዚያ ቀን የቀረበውን ሰነድ ይፈልጉ። ለላንውዲን ይህ እጅግ ይመቻል። የሕዝብ ቆጠራው የተካሄደው ኤፕሪል 3 ቀን 1881 ሲሆን የግድቡ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው ጁላይ 14 ቀን 1881 ነው። ስለዚህ የ1881 መዝገብ አሮጌዋን መንደር ከነነዋሪዎቿ ለመጨረሻ ጊዜ የያዘ ቆጠራ ነው። ግድቡ በ1888 ስላለቀ የ1891 ቆጠራ አዲሷን መንደር ያሳያል። የ1881 ግልባጭ ፋሚሊሰርች በተባለው የትውልድ ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። በላቲን ፊደል ሲፈልጉ ስሙ በሁለት ኤል ይጀምራል፤ ከኤን ቀጥሎ ደብሊውና ሁለት ዲ አለ (Llanwddyn)። አውራጃውንም ሞንትጎመሪሻየር ይበሉ፤ ፓውዊስ የተመሠረተው በ1974 ስለሆነ የድሮ ሰነዶች በአዲሱ ስም አይገኙም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰውን በስም ሲከታተል ነው። ዌልሶች እንደ እኛው በአባት ስም ይጠሩ ነበር፤ ያ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲቀር ግን ጆንስ፣ ኢቫንስ፣ ዴቪስና ዊሊያምስ አገሩን ሞሉት። በአንድ ደብር ውስጥ ዕድሜያቸው የተቀራረበ ሦስት ጆን ጆንስ ቢያገኙ አይግረምዎ። መፍትሔው በቤቱ ወይም በእርሻው ስም መከተል ነው፤ ጎረቤትም ሰውን የሚለየው በዚያ ነበር። ከቆጠራው ገጽ የቤቱን ስም፣ የአባወራውን ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የትውልድ ቦታ በአንድ መስመር ይገልብጡ። በ1841 ቆጠራ ላይ ያለውን ዕድሜ ግን አይመኑ፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ዕድሜ ወደ ታች በአምስት ዓመት እየተጠጋጋ ስለሚጻፍ 34 ዓመት የሆነው 30 ተብሎ ይመዘገባል።

ቀጥሎ ቤቱን መሬት ላይ ያስቀምጡት። ለዚህ ከአሥራት ካርታ የሚሻል የለም። በ1836 በወጣው ሕግ በዓይነት ይከፈል የነበረው አሥራት በገንዘብ ሲተካ እያንዳንዱ ማሳ ተለክቶ ቁጥር ተሰጠው። የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ካርታዎቹን በነጻ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷቸዋል። ካርታውን ብቻ አይተው አይመለሱ፤ ዋናው ሀብት አብሮት ያለው ዝርዝር ነው። የማሳውን ቁጥር ይዘው ወደ ዝርዝሩ ሲሄዱ ባለቤቱን፣ ያዡን (መሬቱን ይጠቀምበት የነበረውን)፣ የማሳውን ስም፣ የሚታረስ ወይም የግጦሽ መሆኑንና ስፋቱን ያገኛሉ። ስፋቱ በሦስት ዓምድ ይጻፋል፤ ኤከር፣ ሩድና ፐርች። አንድ ኤከር 4 ሩድ ወይም 160 ፐርች ነው፤ 0.4 ሄክታር ገደማ ይሆናል። ያዡንና ባለቤቱን አያምታቱ፤ እዚያ ቤት ይኖር የነበረው ብዙውን ጊዜ ያዡ ነው።

ከዚያ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የብሪታንያ የካርታ ሥራ ተቋም የሆነውን የኦርድናንስ ሰርቬይን አሮጌ ካርታ ከሳተላይት ምስል ጎን ለጎን ይክፈቱ፤ ዌልስም ተካትታለች። ካርታው ኅዳግ ላይ የተለካበትና የታተመበት ዓመት ለየብቻ ተጽፏል፤ የሚያስፈልግዎ የተለካበት ነው።

የጥምቀት መዝገብ ላይ ልጁን ካጡት ቤተሰቡ ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውጭ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው የዌልስ ምእመን የሜቶዲስት፣ የባፕቲስት ወይም የሌላ ጸሎት ቤት አባል ነበር። ከ1837 በፊት ያሉት የእነዚህ መዝገቦች ብዙዎቹ ለንደን ውስጥ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ናቸው። ከ1858 በፊት የጸደቁ ኑዛዜዎችና እስከ 1919 የወጡ ጋዜጦች ደግሞ በዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይነበባሉ። ጋዜጣውን በእንግሊዝኛ ብቻ አይፈልጉ፤ የዌልስኛዎቹ የመንደሩን ወሬ በቅርብ የያዙት ናቸው።

ወደ ዛሬ ሲመጡ ቋንቋን መለኪያ ያድርጉት። የዌልስ ቆጠራ ስለ ቋንቋ መጠየቅ የጀመረው በ1891 ሲሆን በመጨረሻው ዓምድ ዌልስኛ፣ እንግሊዝኛ ወይም ሁለቱም ተብሎ ይገኛል። የ2021 ውጤት 3 ዓመት የሞላቸውን ብቻ ስለሚቆጥር፣ ከማነጻጸርዎ በፊት ሕፃናቱን ከ1891ዱ ይቀንሱ፤ አለዚያ መቶኛው ይዛባል።

ቦታውን ለማየት ሲሄዱ ከአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ይጀምሩ፤ የሟቾቹ አጽም ከአሮጌው መካነ መቃብር ወደዚያ ተዛውሯል። በ2022 እንደታየው በድርቅ ጊዜ ውሃው ሲጎድል የአሮጌዋ መንደር ፍርስራሽ ይወጣል። ከዳር ሆነው ፎቶ ያንሡ እንጂ ወደ ደለሉ አይውረዱ፤ ላዩ ደርቆ ቢታይም ሥሩ ጭቃ ስለሆነ ሰው ይውጣል።