የክሩዝ የመጠጥ ፓኬጅ ያዋጣል ወይ? ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ አስሉት

ክሩዝ፣ ማለትም በትልቅ መርከብ የሚደረግ የመዝናኛ ጉዞ፣ ከያዛችሁበት ቀን ጀምሮ ኢሜይሉ ፋታ አይሰጥም። «የመጠጥ ፓኬጅ በታላቅ ቅናሽ፣ ዛሬ ብቻ!» ይላል። ፓኬጅ የሚሉት በቀን የተተመነ ዋጋ ከፍላችሁ፣ መርከቡ ላይ በየብርጭቆው ሳትከፍሉ የምትጠጡበትን ነው። ሳምንት ሳይሞላ ያው ቅናሽ ስሙን ቀይሮ ይመጣል። መርከቡ ላይ ስትወጡ ደግሞ፣ ሻንጣችሁ ገና ክፍላችሁ ሳይደርስ፣ አሳንሰሩ አጠገብ ጠረጴዛ ይዘው የቆሙ ሠራተኞች «ፓኬጅ ይዛችኋል?» እያሉ ይቀበሏችኋል። ደክሟችኋል፣ ደስ ብሏችኋል፣ ባሩም ፊት ለፊታችሁ ነው። በዚያ ሰዓት ረጋ ብሎ የሚያሰላ ሰው የለም። ስለዚህ ሒሳቡን ቤታችሁ ሆናችሁ ጨርሱት፤ ለሁለት ሰው የአንድ ሳምንት ፓኬጅ ከ1,000 ዶላር በላይ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ደግሞ አንዳንዴ የክፍሉን ዋጋ የሚጠጋ ገንዘብ ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ፓኬጁ የሚያዋጣቸው ሰዎች አሉ፣ በደንብ ያዋጣቸዋል። ግን ከሚገዙት ያነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያሰላው የተሳሳተውን ሒሳብ ነው።

በነፃ ያለውን ሳታውቁ አትጀምሩ

በአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ላይ ውሃ በብርጭቆ፣ ተራ ቡና፣ ሻይ፣ ቀዝቃዛ ሻይ፣ ሎሚናት፣ ቁርስ ላይ ደግሞ ጁስ ከቲኬታችሁ ጋር የተከፈለ ነው። ቡፌው ጋ ሄዳችሁ ትቀዳላችሁ፣ ማንም ካርድ አይጠይቃችሁም። የሚያስከፍለው ለስላሳ፣ የታሸገ ውሃ፣ ካፑቺኖና ማኪያቶ፣ ትኩስ የተጨመቀ ጁስ፣ ከዚያ ቢራ፣ ወይን፣ ኮክቴልና የመሳሰሉት ናቸው።

ጥያቄው ጨርሶ የማይነሳባቸው ኩባንያዎችም አሉ። ሪጀንት፣ ሲልቨርሲና ሲቦርን መጠጡን በቲኬቱ ውስጥ አካትተው ነው የሚሸጡት። ቫይኪንግ ምሳና እራት ላይ ቢራና ወይን ይሰጣል። ቨርጂን ቮየጅስ ለስላሳውንና ተራ ቡናውን በነፃ አድርጎ፣ ለአልኮሉ አስቀድማችሁ ገንዘብ የምታስገቡበት የባር ሒሳብ ይከፍትላችኋል። ስለዚህ ሁለት ጉዞ ስታወዳድሩ የቲኬቱን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ ውድ የመሰላችሁ መጠጡ ሲታሰብ ያን ያህል ላይርቅ ይችላል።

ዋጋው እንዴት ነው የሚቆጠረው

ፓኬጅ የሚተዋወቀው በቀን ዋጋ ነው። የምትከፍሉት ግን ለሙሉው ጉዞ ነው፣ በሌሊት ብዛት ተባዝቶ። «መርከቡ ባሕር ላይ የሚውልባቸውን ቀናት ብቻ ልግዛ» ማለት በትልልቆቹ ኩባንያዎች አይቻልም። ቋሚ ዋጋም የለውም። ሮያል ካሪቢያንን ብንወስድ የአንዱ መርከብ ፓኬጅ ከሌላው ይለያል፣ በአንዱ መርከብ ላይ እንኳ ከጉዞ ጉዞ ይለያያል። ጓደኛችሁ ባለፈው ዓመት የከፈለችው ዋጋ ለእናንተ ምንም አይነግራችሁም፤ የራሳችሁን ጉዞ ከፍታችሁ እዩ።

በዚያ ላይ ቲፕ አለ። ሮያል ካሪቢያን 18 በመቶ፣ ኖርዌጂያንና ሰለብሪቲ 20 በመቶ ይጨምራሉ። ፓኬጁ በቀን 80 ዶላር ነው እንበል፤ ለ7 ሌሊት 560፣ ከ18 በመቶው ጋር 660 ዶላር ከ80 ሳንቲም። ለሁለት ሰው 1,321 ከ60።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ያለ ፓኬጅ አንድ አንድ እያላችሁ ብትገዙም ያው ቲፕ በእያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ስታወዳድሩ ወይ ሁለቱም ላይ ደምሩ፣ ወይ ከሁለቱም አውጡ። ፓኬጁ ላይ ብቻ ደምራችሁ «ውድ ነው» ካላችሁ ልክ አይደለም፣ ብርጭቆው ላይ ብቻ ደምራችሁ «ርካሽ ነው» ካላችሁም እንደዚያው። እኔ ከታች ያሉትን ሁሉ ያለ ቲፕ ነው የማሰላው።

የተሳሳተው ሒሳብና ትክክለኛው

የተለመደው ምክር «በቀን ስንት ብጠጣ ገንዘቤ ይመለሳል?» ብላችሁ አስሉ የሚል ነው። ፓኬጁ 80 ዶላር፣ ኮክቴሉ 13 ዶላር ከሆነ 80ን ለ13 ስታካፍሉ 6 ከትንሽ ይመጣል። ስለዚህ ሰባተኛው ላይ አተረፋችሁ ይባላል።

አሁን ያለ ፓኬጅ በቀን 4 ኮክቴል የምትጠጡ ሰዎች ናችሁ እንበል። ወጪያችሁ 52 ዶላር ነው። ፓኬጅ ስለያዛችሁ 8 ጠጣችሁ። የ104 ዶላር መጠጥ በ80 ዶላር አገኛችሁ፣ «24 ዶላር ቆጠብኩ» ትላላችሁ። ከኪሳችሁ የወጣው ግን በ28 ዶላር ጨምሯል። ቁጠባ የሚባለው ያለ ፓኬጅ ታወጡት ከነበረው ያነሰ ስታወጡ ብቻ ነው። ኩባንያው ዋጋውን ሲያወጣ ይህን አብጠርጥሮ ያውቃል፤ እናንተም እወቁት።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ፓኬጅ የሚባል ነገር ባይኖር፣ እያንዳንዱን ብርጭቆ በካርዴ እየከፈልኩ፣ በቀን ምን ምን እጠጣ ነበር? ወረቀት አውጡና ጻፉት። ጠዋት ካፑቺኖ፣ ከሰዓት አንድ ሌላ፤ በ5 ዶላር ሒሳብ 10። አንድ የታሸገ ውሃ 4፣ አንድ ለስላሳ 4። መዋኛው ጋ ሁለት ቢራ 16። እራት ላይ አንድ ብርጭቆ ወይን 12። ከሾው በኋላ አንድ ኮክቴል 13። ድምሩ 59 ዶላር። ልብ በሉ፣ ይሄ ስምንት መጠጥ ነው፣ ለብዙ ሰው ደህና የተዝናና ቀን ነው። ግን ገና ለ80 ዶላሩ 21 ይጎድላል። ዋጋዎቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ የመርከባችሁን የባር ሜኑ ፈልጋችሁ በእውነተኛው ተኩት።

ወደብ ላይ የምትወርዱባቸው ቀናት

ሒሳቡን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የ7 ሌሊት ጉዞ ሦስት ቀን ወደብ ላይ ይቆማል እንበል። ጠዋት ወርዳችሁ አመሻሽ ላይ ትመለሳላችሁ። ከተማው ውስጥ የምትጠጡት ከፓኬጁ ውጭ ነው፣ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፤ ፓኬጁ ግን ያን ቀን አልቀነሰላችሁም። በ80 ዶላሩ ምሳሌ ለሳምንቱ 44 ኮክቴል ያስፈልጋል። ወደብ በቆማችሁባቸው ሦስት ምሽቶች ሦስት ሦስት ብትጠጡ 9 ነው። ቀሪውን 35 በአራት ቀን መጨረስ አለባችሁ፤ በቀን ወደ 9 ማለት ነው። ይሄ መዝናናት አይደለም፣ ሥራ ነው። በተቃራኒው አትላንቲክን የሚያቋርጥ፣ ለተከታታይ ቀናት ባሕር ብቻ የሆነ ጉዞ ከሆነ ፓኬጁ የማዋጣት ዕድሉ በብዙ ይጨምራል።

የኩባንያው የግል ደሴት ላይ ፓኬጁ ይሠራ እንደሆነ ለብቻው ጠይቁ። የሮያል ካሪቢያኑ ኮኮኬይ ላይ ይሠራል፤ ሁሉም ጋ ግን እንደዚያ ነው ብላችሁ አትገምቱ።

ደንቦቹ ውስጥ የተደበቀው ወጪ

ትልቁ ይሄ ነው፦ በሮያል ካሪቢያንና በካርኒቫል አንድ ሰው የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ፣ በዚያው ክፍል ያሉ ዕድሜያቸው ለመጠጥ የደረሰ ሁሉ መግዛት አለባቸው። ባል ቢራ ይወዳል፣ ሚስት ለአፏ እንኳ አትነካም እንበል። 80ው ዶላር 160 ሆነ፣ ሁሉንም እሱ ብቻውን ሊያወጣው ነው ማለት ነው። አይቻልም፣ ቢቻልም ሊያደርገው አይገባም። በጤና፣ በእርግዝና ወይም በሃይማኖት ምክንያት የማይጠጣ ሰው ካለ ግን ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። ደውሉና ለእሱ አልኮል የሌለበት ፓኬጅ ይበቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚፈቅዱበት ጊዜ አለ።

የዋጋ ጣሪያም አለ። ሮያል ካሪቢያን እስከ 14 ዶላር የሆነ መጠጥ ይሸፍናል፣ ከዚያ ካለፈ ልዩነቱን ትጨምራላችሁ። ካርኒቫል ጣሪያው 20 ዶላር ነው፣ ግን በቀን ከ15 አልኮል በላይ አይሰጥም። 15ን እንደ ግብ እንዳታዩት እለምናችኋለሁ። በአሜሪካ መለኪያ አንድ መጠጥ የሚባለው 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለበት ነው፣ አንድ ጠንከር ያለ ኮክቴል ደግሞ ከአንድ በላይ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። የከፈሉትን ላውጣ ብሎ ጤናን ማውጣት የለም።

ለሌላ ሰው ማካፈል ክልክል ነው፣ ከተያዘ ፓኬጁ ያለ ተመላሽ ሊሰረዝ ይችላል። ክፍላችሁ ውስጥ ያለው ትንሽ ፍሪጅ፣ ሙሉ ጠርሙስ ወይን፣ ለማስታወሻ የሚሸጡት ብርጭቆዎችም በአብዛኛው አይካተቱም።

«ነፃ ፓኬጅ» ሲሏችሁ

ኖርዌጂያን ብዙ ጊዜ ፓኬጁን ከቲኬቱ ጋር ጨምሮ ይሸጣል። ግን የፓኬጁን መደበኛ ዋጋ 20 በመቶ የሚያህል የአገልግሎት ክፍያ አስቀድማችሁ ትከፍላላችሁ። መደበኛው ዋጋ በቀን 100 ዶላር ቢሆን 20 ዶላር፣ ለሁለት ሰው በሳምንት 280 ማለት ነው። ነፃ ብለን አንጠራውም። ሆኖም 20 ዶላር ሁለት ኮክቴል እንኳ ስለማይሞላ፣ ማታ ማታ አንድ ሁለት የምትሉ ከሆነ ይሄን ውሰዱት። ጨርሶ የማይጠጣ ሰው ግን ያለ እሱ ቲኬቱ ስንት እንደሚሆን ይጠይቅ።

የፕሪንሰስ «ፕላስ» ደግሞ መጠጥን፣ ዋይፋይንና የሠራተኛ ቲፕን አንድ ላይ ያስራል። እንዲህ ያለውን በመቀነስ አስሉት። ጥቅሉ በቀን 60 ዶላር፣ ዋይፋዩ ለብቻው 20፣ ቲፑ 15 ቢሆንና ሁለቱንም የምትከፍሉ ከሆናችሁ፣ ለመጠጡ የቀረው 25 ብቻ ነው። ይሄ ከ80 ጋር አይወዳደርም። እኔን ብትጠይቁኝ ፓኬጅ በእውነት የሚያዋጣው ባብዛኛው እዚህ ጋ ነው። ዋይፋይ የማትፈልጉ ከሆነ ግን 20ውን አትቀንሱ፤ ለማትጠቀሙበት ነገር ዋጋ ሰጥቶ ሒሳብ ማሳመር ራስን ማታለል ነው።

ካልገዛችሁስ?

በመሳፈሪያው ቀን ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል ለእያንዳንዱ አዋቂ አንድ 750 ሚሊ ሊትር የወይን ጠርሙስ ይዞ መግባት ይፈቅዳሉ። በእጅ ሻንጣ ያዙት። ክፍላችሁ ውስጥ ስትጠጡት ምንም አይከፈልም፣ ምግብ ቤት ይዛችሁት ከሄዳችሁ ግን የጠርሙስ መክፈቻ ክፍያ ይጠየቅበታል። ለውሃ የራሳችሁን ኮዳ ይዛችሁ ሙሉ። ለስላሳና ጥሩ ቡና ብቻ የምትወዱ ከሆነ ከአልኮሉ በብዙ የሚረክሰው ፓኬጅ ይበቃችኋል። በአንድ ኩባንያ ደጋግማችሁ የተጓዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ ያላችሁን ጥቅም እዩ፤ ሮያል ካሪቢያን ዳይመንድ የሚባለው የነባር ደንበኞች ደረጃ ለደረሰ ሰው በየቀኑ 4 መጠጥ ይሰጣል። አራት በነፃ እያላችሁ ፓኬጅ መግዛት ለማን ነው?

«እኔ ሒሳብ እያየሁ መዝናናት አልችልም፣ ሁሉም ተከፍሎ ያለቀ ቢሆን ይሻለኛል» የምትሉም አላችሁ። ይገባኛል፣ እረፍት ላይ እንዲህ መሰማቱ ተገቢ ነው። ግን ዋጋውን እወቁት። ከላይ በጻፋችሁት ወረቀትና በፓኬጁ መካከል ያለው ልዩነት በቀን 10 ዶላር ከሆነ ለአእምሮ ሰላም ክፈሉት። 40 ከሆነ፣ በዚያ ገንዘብ ወደብ ላይ ደህና ምሳ ይበላበታል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ

መርከቡ ላይ እስክትወጡ አትጠብቁ። አስቀድሞ በድረ ገጹ ወይም በአፑ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። ሮያል ካሪቢያን ጋ ከገዛችሁ በኋላ ዋጋው ከወረደ፣ ከጉዞው በፊት የድሮውን ሰርዛችሁ በአዲሱ መግዛት ትችላላችሁ። ስለዚህ በየጊዜው ገባ እያላችሁ እዩት፤ መጀመሪያ ግን አዲሱ ዋጋ ለእናንተም እንደሚሠራ እስከ መክፈያው ገጽ ሄዳችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ሰርዙ።

የመጀመሪያውን መጠጥ ስታዙ ደረሰኙን ተመልከቱት። ዋጋው ዜሮ ሆኖ መውጣት አለበት። ታች ላይ ተጨማሪ ቲፕ የሚጻፍበት ባዶ መስመር ካለ የግድ አይደለም፤ ዋናውን ቲፕ ከፓኬጁ ጋር ከፍላችኋል፣ አስተናጋጁ ደስ ካሰኛችሁ ግን የራሳችሁን ጨምሩ። ዜሮ ካልሆነ ያኔውኑ አሳዩት፣ ማታም ሒሳባችሁን አፑ ላይ ከፍታችሁ እዩ። የተሳሳተ ነገር ካገኛችሁ በዚያው ቀን እንግዳ መቀበያው ጋ ሂዱ። የመውረጃው ቀን ጠዋት ሰልፉ ረጅም ነው።