ሜሹን ከማድቀቃችሁ በፊት ስህተቱን ለኩ

ከዚራ ቁጭ ብዬ በኩሽኔታ ውስጥ ያለውን የዘይት ግፊት ሳሰላ የለመድኳት ዘዴ ናት። ሜሽ ማለት ስሌቱ የሚሠራበት ቦታ የሚከፋፈልበት የትናንሽ ክፍልፋዮች መረብ ነው፤ ማድቀቅ ደግሞ ክፍልፋዮቹን ማሳነስና ማብዛት። በድሬ ሙቀት ሜሹን በሙሉ ካደቀቃችሁት ላፕቶፑ ራሱ ይፈላል!

ያንኑ ስሌት በ50፣ በ100 እና በ200 ክፍልፋይ አስኪዱት። የእኔ ከፍተኛ ግፊት 4.60፣ 4.84 እና 4.90 ሜጋፓስካል መጣ። ልዩነቱ መጀመሪያ 0.24፣ ቀጥሎ 0.06። በ4 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። የሬይኖልድስን እኩልታ (በስስ የዘይት ሽፋን ውስጥ ያለውን ግፊት የሚሰጠውን) በሁለተኛ ደረጃ ዘዴ (ክፍልፋዩ በግማሽ ሲያንስ ስህተቱ ወደ ሩብ በሚወርድበት) ለሚፈታ ሰው የሚጠበቀውም ይሄው ነው። አሁን 0.06ን ለ3 (ማለትም 4 ሲቀነስ 1) አካፍሉት፤ 0.02። የቀረው ስህተት በግምት ይህን ያህል ነው፣ መልሱም 4.92 አካባቢ። የሪቻርድሰን ዘዴ ይሉታል። ኮምፒውተሩ እኩልታውን ለመፍታት የሚያደርገውን ድግግሞሽ መልሱ ሳይረጋ ቶሎ ካቆማችሁት ግን ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው፤ እኔን አንዴ ሸውዶኛል።

ልዩነቱ በ4 እጥፍ ካልቀነሰስ? ብዙ ጊዜ ጣጣው ዘይቱ አረፋ ሠርቶ በሚቆራረጥበት ድንበር ላይ ነው። ሜሹን እዚያና የዘይቱ ሽፋን በጣም በሚሳሳበት ቦታ ብቻ አድቅቁ። ውፍረቱ እኩልታው ውስጥ የሚገባው በሦስተኛ ርቢ ስለሆነ እዚያ ትንሿ ስህተት ትገዝፋለች። ሌላውን እንዳለ ተዉት።