ሥሩን ከታህት ማውጣት

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከዚራ ባለው በረንዳችን የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ። ሰሞኑን ያስቸገራቸው ታህቱ (የታችኛው ቁጥሩ) ላይ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም የ√ ሥር፣ ያለበት ክፍልፋይ ነው።

6/√3ን እንውሰድ። ሥሩን ከታች ለማውጣት ላዕሉንም (የላይኛውንም) ታህቱንም በ√3 አባዙ። √3/√3 ማለት 1 ስለሆነ ዋጋው አይቀየርም። 6√3/3 ይሆናል፤ ሲቃለል 2√3።

"ለምን እንደክማለን?" አለችኝ አንዷ። ጥሩ ጥያቄ ነው። "እስቲ 1/√2ን፣ ማለትም 1ን ለ1.414 ገደማ፣ በእጅሽ አካፍይ" አልኳት። ላብ በላብ ሆነች። ከዚያ √2/2ን፣ ማለትም 1.414ን ለ2 ሰጠኋት። 0.707 ለማለት ጊዜ አልፈጀባትም። ሁለቱ አንድ ቁጥር ናቸው።

6/√12 ሲመጣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ √12ን 2√3 አድርጉት። 3/√3 ይቀራል፤ መልሱ √3።

ብዙዎቹ የሚሳሳቱት 4/(√5−1) ላይ ነው። በ√5 ብቻ ብታባዙ ታህቱ 5−√5 ይሆናል፤ ሥሩ እዚያው ነው። የመሃሉን ምልክት ቀይሩና በ(√5+1) አባዙ። √5ዎቹ ይጠፋፋሉ፤ ታህቱ 5−1፣ ማለትም 4። ከላይኛው 4 ጋር ሲቃለል √5+1 ይቀራል። ቅንፉን እንዳትረሱ፤ ደብተር ሳርም ቀዩ እስክሪብቶ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።