ከላቫ መሬት ላይ የአፈር ቅርፊት ለፎስፈረስ ምርመራ እንዴት ይወሰዳል?

መተሃራ ጋ መንገዱ ዳር የተዘረጋው ጥቁር የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ ላቫ ከመኪና ሲያዩት ባዶ ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ እንደዛ ዓይነት ቦታ ላይ ቅርፊት፣ ማለትም ጥቃቅን ሕያዋን የአፈሩን ገጽ አያይዘው የሠሩትን ስስ ሽፋን፣ የምትፈልጉት አመድና አሸዋ የተጠራቀመበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። ተራራው አዋሽ ፓርክ ክልል ስለሆነ ግን መጀመሪያ ፈቃድ አውጡ።

ቅርፊቱ ሕይወት እንዳለው አረጋግጡ፣ ምክንያቱም ዝናብ የደበደበው አፈርም ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል። ጥፍር የምታክል ቁራጭ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ የሚፈርሰው ዝናብ የሠራው ነው፣ ሳይፈርስ የሚቆየው ግን የሳይኖባክቴሪያ (እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ) ክር ሰፍቶ የያዘው ነው፣ ጠርዙን በማጉሊያ መነጽር ስታዩ ቀጫጭን ክሮቹ ላይ የአሸዋ ቅንጣት ተንጠልጥሎ ታያላችሁ፣ ውሃ ጠጥቶ አረንጓዴ ማለት ሲጀምር ደግሞ በጣም ነው ደስ የሚለው።

ዋናው አነሳሱ ነው። ደረቁን ከነካችሁት ይሰባበራል፣ ስለዚህ በዲስትልድ ውሃ ስፕሬይ አድርጋችሁ ትንሽ አርጥቡት፣ የፔትሪ ዲሽ (ክብ ጠፍጣፋ የላብራቶሪ ሳህን) ክዳን ደፍታችሁ ጫን በሉት፣ ከሥሩ ስስ ስፓቹላ አስገብታችሁ አንሱ። ከታች ያለውን አፈር በሌላ ከረጢት፣ እባካችሁ አትቀላቅሉት! እሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ፎስፈረሱ በብዛት አፓታይት በሚባል ማዕድን ታስሮ ነው ያለው፣ ቅርፊቱ ላይ ያሉት ፈንገስና ባክቴሪያ አሲድ እየለቀቁ ያሟሙታል፣ ከሞተ ነገር ውስጥም ፎስፋቴዝ በሚባል ኢንዛይም ያወጡታል፣ ይሄ ሁሉ ሥራ ላይኛው ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ነው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አንድ ላይ ካደባለቃችሁት ምንም አይታያችሁም።

ዕቃውን በዱቄት ሳሙና አትጠቡ፣ ፎስፌት ሊኖርበት ይችላል። የፍየል በጠጥ ካለበትም ራቅ በሉ። ለፎስፈረስ የሚሆነውን ጥላ ላይ አድርቁ፣ ለኢንዛይም የሚሄደው ግን በረዶ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ቶሎ ላብራቶሪ መድረስ አለበት።

ላብራቶሪ ስትሰጡ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) አስለኩ፣ ተክል የሚያገኘውን ፎስፈረስ ለመለካት ከ7 በላይ ከሆነ ኦልሰን፣ አሲዳማ ቀይ አፈር ከሆነ ብሬይ የሚባለውን ዘዴ በሏቸው፣ ጠቅላላ ፎስፈረሱንም አብራችሁ ጠይቁ። ሃዋይ ላይ ከ300 ዓመት እስከ 4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የእሳተ ገሞራ አፈሮች ተነጻጽረው ወጣቱ ላይ የሚያንሰው ናይትሮጅን፣ አሮጌው ላይ ፎስፈረስ ሆኖ ተገኝቷል፣ አሮጌው ላይ ብረትና አሉሚኒየም ስለሚይዙት ጠቅላላው ብቻውን ተክል የሚያገኘውን አይነግራችሁም።