ከደሴ ሆኖ ለሰርን የምርምር ልምምድ ማመልከት
በጄኔቭ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ በእኛ የክረምት ወራት በሚያካሂደው የተማሪዎች ልምምድ ከአባል አገሮች ውጭ ያሉትንም ስለሚቀበል፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ፊዚክስ ወይም ኮምቦልቻ ምህንድስና የሚማር፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ያጠናቀቀ ተማሪ ሊያመለክት ይችላል። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ በጥር ወር ስለሚዘጋ፣ የውጤት ማስረጃን ከሬጅስትራር በኅዳር መጠየቅ ይበጃል፤ የፈተና ሰሞን ሁሉም ወደዚያው ይጎርፋልና።

ሚዛን የሚደፋው ግን የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤው ነው። «ፊዚክስ እወዳለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያሳምንም፤ የሠሩትን ማሳየት ያስፈልጋል። አመልካቹ ሰርን በነጻ ከለቀቀው የሲኤምኤስ (በሰርን ካሉት ትልልቅ የቅንጣት መመርመሪያዎች የአንዱ) መረጃ ሁለት ሙዮን (ኤሌክትሮን መሰል፣ ግን ከእሱ የከበደ ቅንጣት) የተገኘባቸውን የፕሮቶን ግጭቶች አውርዶ፣ ከየጥንዱ ጉልበትና አቅጣጫ የጋራ ግዝፈታቸውን በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ አስልቶ ሂስቶግራም (የድግግሞሽ ሥዕል) ቢስል፣ 91 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ግዝፈት መለኪያ) ገደማ ላይ ወደ ሁለት ሙዮን የሚፈርሰው ቅንጣት፣ የዜድ ቦሶን፣ ጉብታ ብቅ ሲል በገዛ ዓይኑ ያያል። ለዚህ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። ጉብታው ቀጭን መስመር ያልሆነው በቅንጣቱ እጅግ አጭር ዕድሜና በመመርመሪያው የልኬት ውስንነት መሆኑን በደብዳቤው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያብራራ፤ የድጋፍ ደብዳቤውንም ማዕረጉ ከፍ ያለ ነው ተብሎ ከተመረጠ ሰው ሳይሆን ይህን ሥራ ተቀምጦ ካየለት መምህር ይጠይቅ።