የበርሜሉ ሽታ ከክዳኑ ነበር
ለጠላ ብዬ ከመርካቶ የገዛሁት 120 ሊትር የሚይዝ ያገለገለ የፕላስቲክ በርሜል የኮምጣጤ ሽታው አልለቅ ብሎ ሁለት ሳምንት አስቸገረኝ። ከሥሩ የብርጭቆና የሹካ ምልክት ስላለው የምግብ ዕቃ መሆኑን አይቼ ነው የገዛሁት፤ የኬሚካል ቢሆን ኖሮ በነፃ ቢሰጡኝም አልነካውም። በግራዋ ፈተግሁት፣ ሙቅ ውኃና ቤኪንግ ሶዳ ሞልቼ አሳደርሁት፣ አፉን ከፍቼ ፀሐይ አስመታሁት። ክዳኑን በገጠምሁ ቁጥር ግን ሽታው ይመለሳል።

በመጨረሻ ክዳኑን ገልብጬ ክብ ጎማውን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቄ ሳወጣ፣ ከሥሩ ቡናማ ዝቃጭ ተጋግሮ አገኘሁ! ጎማውን ጥዬ አዲስ ገዛሁ፤ ስርጉዱን በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ። ሽቦ ግን አላስነካሁትም፤ ጭረት ውስጥ የሚቀር ቆሻሻ ጠላውን ያሆመጥጠዋል። እናቴ «እንደ ጋን በወይራ ልጠነው» ብላ ነበር፤ ፕላስቲክ ፍሙን መቼ ይችላል? ጥንስሱ ትናንት ገብቷል።